ሊበራል ሆኜ ፖል ካጋሜን ለምን እደግፋለሁ?

የሳር ቤት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ልጨርሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ሊበራል ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የነበርኩት «ኒዮሊበራል» የሚለው ቃል በቴሌቪዥን እንደ ስድብ በሚነገርበት ዘመን ነው፤ ያኔም ሊበራል ነበርኩ። ጋዜጠኛ ሲታሰር ያመኛል። የሞት ቅጣትን እቃወማለሁ። ሥልጣን ገደብ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን ሁሉ እያመንኩ ነው ከ2000 ጀምሮ ከሩዋንዳ ፕሬዚዳንትነት ያልወረደውን፣ በ2024ቱ ምርጫ ከ99 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ የተባለውን ሰው የምደግፈው። ጓደኞቼ «ወይ ሊበራል ሁን ወይ የካጋሜ ደጋፊ ሁን» ይሉኛል። ምክንያቴን ላስረዳ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመታወቂያ ነው። ቤልጂየሞች በ1930ዎቹ ለሩዋንዳውያን መታወቂያ ሲያድሉ ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ ብለው ጻፉበት። ከነፃነት በኋላ የመጡት መንግሥታትም አላነሱትም። ኤፕሪል 1994 የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ተመቶ ሲወድቅ የሁቱ ጽንፈኞች በየመንገዱ ኬላ አቆሙ። ኬላው ላይ የሚጠየቀው ያ መታወቂያ ነበር። ቱትሲ ይላል? እዚያው በገጀራ። ገዳዮቹ ከሩቅ የመጡ አልነበሩም። ብዙዎቹ የሙዝ ጠላ አብረው የጠጡ ጎረቤቶች ናቸው። በ100 ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው አለቀ፤ የሩዋንዳ መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ይላል።

ዓለም የት ነበር? የተባበሩት መንግሥታት ጦር እዚያው ኪጋሊ ነበር። አዛዡ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ተጨማሪ ኃይል ይለምን ነበር። አሥር የቤልጂየም ወታደሮች ሲገደሉ ቤልጂየም ጦሯን ይዛ ወጣች። የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ ግድያው በተጧጧፈበት ሰዓት የቀረው ጦር ወደ 270 ሰው እንዲቀንስ ወሰነ። ዋሽንግተን «የዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ላለመጥራት ስትሸሽ ከረመች። እኔ የማምንበትን የሰብአዊ መብት ቋንቋ ከማንም በላይ የሚናገሩ አገሮች ናቸው እነዚህ። ጭፍጨፋውን ያስቆመው ካጋሜ የሚያዝዘው የአርፒኤፍ (የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር) ጦር ነው። ጁላይ 4 ኪጋሊን ያዘ፤ በዚያው ወር አገሩን ተቆጣጠረ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጀግና ነው ብዬ አልፍ ነበር። አገር ነፃ አውጥቶ መልሶ አገር ያበላሸ ስንት ጀግና አይተናል። ልቤን የያዘው ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። መታወቂያው ላይ የነበረው መስመር ጠፋ። በ1999 ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል እንድትወርስ ሕግ ወጣ። ወንዱ ባለቀበት አገር፣ ለአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ይህ ሕግ ማለት በአባቷ መሬት ላይ ማደር ወይም መንገድ ላይ መውደቅ ማለት ነበር። የ2003ቱ ሕገ መንግሥት ቢያንስ 30 በመቶ የውሳኔ ቦታ ለሴቶች ይሁን አለ፤ ዛሬ የታችኛው ምክር ቤት ከ60 በመቶ በላይ ሴት ነው። ይህን ያህል ሴት ያለበት ምክር ቤት በዓለም ላይ ሌላ የለም። ገጠር ያለው ገበሬ የጤና መድኅን አለው።

ከሁሉ በላይ ግን 2007። በዚያ ዓመት ሩዋንዳ የሞት ቅጣትን ሰረዘች። እስቲ አስቡት። ከ100,000 በላይ ሰው በዘር ማጥፋት ተጠርጥሮ እስር ቤት ታጭቆ የነበረበት አገር ነው። በየቤቱ የሞተ ሰው አለ። ሰው ለመግደል ከእሱ የበለጠ ምክንያት የነበረው መንግሥት ካለ ንገሩኝ። ሕጉም ጉልበቱም ነበረው። ተወው።

ስለ ታሰሩትና ስለ ሞቱት ተቃዋሚዎች አውቃለሁ። የቀድሞው የደህንነት ኃላፊ ፓትሪክ ካሬጌያ በ2014 መባቻ ጆሃንስበርግ ሆቴል ውስጥ ተገድሎ ተገኘ። «ሆቴል ሩዋንዳ» ፊልም የተሠራበት ተቃዋሚው ፖል ሩሴሳባጊና ቡሩንዲ የሚሄድ መስሎት የተሳፈረበት አውሮፕላን ኪጋሊ አሳረፈው። እነዚህን ላስተባብል አልመጣሁም። ለእኔ ግን ከመብቶች ሁሉ የሚቀድመው ሰው ከማን በመወለዱ ምክንያት አለመገደል ነው። ይሄ ከሌለ ጋዜጣውም ምርጫውም የሚቆምበት መሬት የለም። ካጋሜ ያን መሬት ደልድሏል። ስለዚህ እደግፈዋለሁ። ተቃወሙኝ።

ዝምተኛው አንባቢ፦

በጣም ጥሩ ጽሑፍ። አፍሪካ የሚያስፈልጋት እንዲህ ቁርጥ ያለ መሪ ነው። ዲሞክራሲ ሆድ ከጠገበ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ከተማው ጸድቷል፣ ሌባ የለም። ሌላ ምን እንፈልጋለን?

የሳር ቤት ልጅ፦

ወንድሜ፣ ስላነበብከኝ አመሰግናለሁ። ግን እኔ ይሄን አላልኩም። ድሃ ሰው መብቱን ነገ ይውሰድ የሚል ክርክር አልወድም፤ እኛ ላይም ስንት ዓመት ተሞክሯል። እኔ ካጋሜን የምደግፈው ለሰዎች ስለሰጠው መብት ነው። ንጽሕናው ለእኔ ትርፍ ነው።

ማህሌት ከሜሪላንድ፦

ከጽሑፍህ ውስጥ አንድ ቁጥር ላይ ቆሜ ቀረሁ። 99 በመቶ። በአንድ መስመር አለፍከው።

እኔና አንተ ይህን ቁጥር ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። በ2015 ኢሕአዴግና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር በሙሉ ያዙ። ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራ ነበር፣ ከውጭ የሚያይ ሰው አገሩ ተስማምቷል ይላል። ዓመቱ ሳያልቅ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ፈነዳ፣ አማራ ክልል ተከተለ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፣ በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ። ያን ሁሉ ቁጣ መቶ በመቶው ደብቆት ነበር። መንግሥት እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያገኝ የሕዝቡን ልብ የሚያይበት መስኮት ራሱ ዘጋ ማለት ነው።

መታወቂያ ላይ ተስማምቻለሁ። የእኛም የቀበሌ መታወቂያ ብሔር የሚል መስመር ነበረው፣ ፋይዳ ላይ የለም፣ ጥሩ ነው። ግን ከወረቀት ላይ ማጥፋትና ከሰው ልብ ላይ ማጥፋት አንድ አይደለም። እንዴት ታውቃለህ? ጠይቀህ ነዋ። እዚያ አገር ደግሞ ይሄ አይጠየቅም።

ኪጋሊ የኖርኩ፦

ማህሌት የነካችው ነገር እኔንም አስጻፈኝ። ኪጋሊ አራት ዓመት በንግድ ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን። የሞተር ታክሲ ሹፌሩ ለአንተም ሄልሜት ይሰጥሃል፣ ካላጠለቅክ አይነሳም። ፌስታል ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ሻንጣህ ውስጥ ካገኙ ይወስዱታል። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ኡሙጋንዳ ነው። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰፈርተኛው አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ቦይ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል። እኔም እወጣ ነበር። ባለቤቴ ሌሊት ብቻዋን ከሥራ በእግሯ ትመለስ ነበር፣ እኔም ተኝቼ እጠብቃት ነበር። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። አዲስ አበባ ተመልሰን መጀመሪያ የጎደለን እሱ ነው።

አሁን ሌላውን። መጋዘን የሚጠብቅልኝ ሰውዬ ነበረ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ። አንድ ቀን ባለማወቅ፣ እኛ አገር እንደሚጠየቀው ዓይነት፣ «እናንተ ቤተሰብ ከየትኛው ወገን ናችሁ?» አልኩት። ፈገግ አለ። «ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን» አለ። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ መጋዘኑን ሊቆልፍ ሄደ፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ኤፕሪል 7 የመታሰቢያው ሳምንት ሲጀምር ፈቃድ ጠየቀኝና ሄደ። ማንን ሊያስብ እንደሄደ እስካሁን አላውቅም። የሞተበት ይሁን የታሰረበት፣ ወይም ሁለቱም፣ አልነገረኝም፣ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

አራት ዓመት ሙሉ ያ ዝምታ ሰላም ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻልኩም። ለአንዳንዱ ሰው ሁለቱም አንድ ላይ ይመስለኛል። ከእንደዚያ ያለ ነገር በኋላ ዝም ማለት ራሱ ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ግን ያን ቀን አላዩትም፣ እነሱ ለምን ዝም እንደሚሉ ማን ይነግራቸዋል?

ጠበቃው፦

ሕግ ነክ የሆኑት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

የሞት ቅጣቱ። ልክ ነህ፣ በ2007 ተሰርዟል። ግን «ተወው» ያልከው ታሪኩን ያሳጥረዋል። በኤፕሪል 1998 22 ሰዎችን በአደባባይ በጥይት ገድለዋል፤ የተረሸኑት ሕዝብ እያየ ነው። በኋላ የሩዋንዳን ጭፍጨፋ ለመዳኘት አሩሻ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ሆነ የአውሮፓ አገሮች የሞት ቅጣት ወዳለበት አገር ተጠርጣሪ አሳልፈን አንሰጥም አሉ። ሩዋንዳ ተጠርጣሪዎቹን ትፈልግ ነበር። የተሰረዘው በከፊል ለዚህ ነው። ይህን የምለው ውሳኔውን ለማሳነስ አይደለም፤ በጥቅም ተገፍቶ የመጣ መብትም መብት ነው። ግን የአንድ ሰው ምሕረት አድርገህ አትጻፈው።

ሁለተኛው ጋቻቻ። አንተ አላነሳኸውም፣ እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው እሱን ነበር። 12,000 ያህል የሰፈር ሸንጎዎች፣ ሣር ላይ ተቀምጠው፣ እስከ 2012 ድረስ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አዩ። በመደበኛ ፍርድ ቤት ቢሆን ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር ተብሏል። ገዳዩ ቆሞ የት እንደቀበረ ተናገረ፣ እናትም የልጇን አጥንት አገኘች። እንደ ሕግ ባለሙያ ብዙ ያሳስበኛል፤ ጠበቃ የለም፣ ምስክር በቂም በቀል ይመጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሄ ነው፦ የአርፒኤፍ ወታደሮች የገደሏቸው ሰዎች ጉዳይ እዚያ ሣር ላይ አልቀረበም። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዋ ቪክቷር ኢንጋቢሬ በጃንዋሪ 2010 ከስደት ተመልሳ መታሰቢያው ላይ ቆማ የሞቱ ሁቱዎችም ይታወሱ አለች። ተከሰሰች፣ በይግባኝ 15 ዓመት ተፈረደባት፣ በ2018 በምሕረት ወጣች፣ በ2025 እንደገና ታሰረች። «ከመብቶች ሁሉ የሚቀድመው» ላልከው ነገር የሞቱትን በስም መጥራት አይጨመርም?

የወታደሩ ልጅ፦

እኔ ክርክር አልችልም፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

አባዬ በ1994 ወደ ሩዋንዳ ከሄደው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ነበር። የደረሱት ጭፍጨፋው ካለቀ በኋላ ነው፣ እዚያ የነበሩት የፈረንሳይ ወታደሮች ሲወጡ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ቻንጉጉ አካባቢ። ስለዚያ ብዙም አያወራም። ግን ቤታችን ውሻ አሳድገን አናውቅም። ልጅ ሆኜ አንድ ቡችላ ይዤ መጣሁ፣ እሱ በእርጋታ ወሰደና ለጎረቤት ሰጠ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ካገባሁ በኋላ ነው። እዚያ ውሾች ሬሳ ለምደው ነበር፣ ወታደሮች ይተኩሱባቸው ነበር አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ሳር ቤት፣ አባዬ ካጋሜን አይወድም አይጠላም። «ያ እንዳይመለስ ያደረገ ሰው ነው» ይላል። እኔም ከዚያ በላይ ማለት አልችልም።

በጋሾራ ያለፍኩ፦

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ከሊቢያ ወደ ሩዋንዳ ከተወሰዱት አንዱ ነኝ። ከ2019 ጀምሮ በዩኤንኤችሲአር (በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) በኩል ሰዎችን ከሊቢያ አውጥተው ጋሾራ የሚባል ቦታ ያስቀምጣሉ፣ ቡገሴራ ወረዳ ነው። ኤርትራውያን፣ ሶማሊያውያን፣ ሱዳናውያን፣ እኛም ነበርን። አሁን ሰሜን አውሮፓ ነው የምኖረው።

ሊቢያ ውስጥ ያየሁትን አልጽፍም። ጋሾራ በደረስኩ ማግስት ግን በሩ እንደማይቆለፍ አየሁ። ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ ሙዝ ሰጠችኝ፣ ገንዘብ አልተቀበለችኝም። ብዙ ሀብታም አገሮች በር ሲዘጉብን ይቺ ትንሽ አገር «ኑ» ብላለች። ይህን ያደረገ መንግሥት በሌላ ነገር ሲወቀስ ስሰማ ሁለት ልብ እሆናለሁ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ሌላም አለ። ከዚያ በፊት እስራኤል ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ጥገኝነት ጠያቂዎችን «በፈቃዳችሁ» እያለች ወደ ሩዋንዳ ትልክ ነበር። አንድ ወዳጄ በዚያ መንገድ ኪጋሊ ደርሷል። የተቀበሉት ሰዎች ወረቀቱን ወሰዱበት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በሌሊት ወደ ኡጋንዳ አሻገሩት። ከዚያ ተነሥቶ በሱዳን አድርጎ እኔ ያለሁበት ሊቢያ መጣ። አንዱን አገር እኔ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘሁት፣ እሱ ግን መሸጋገሪያ ሆኖበት አለፈ። ሁለቱም እውነት ነው።

ማህሌት ከሜሪላንድ፦

ወንድሜ በጋሾራ ያለፍከው፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ።

ሳር ቤት፣ እስካሁን ማንም ስላልጻፈው እኔ ልጻፈው። ኮንጎ።

ጃንዋሪ 2025 ኤም23 የሚባለው አማፂ ቡድን የምሥራቅ ኮንጎዋን ጎማ ከተማ ያዘ፣ በቀጣዩ ወር ቡካቩን። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ከዚያ በፊት በ2024 ከ3,000 እስከ 4,000 የሩዋንዳ ወታደሮች ኮንጎ ውስጥ ከኤም23 ጎን አሉ ብለው ጽፈዋል። ካጋሜ በቴሌቪዥን ወታደሮችህ ኮንጎ አሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «አላውቅም» አለ። የጦሩ የበላይ አዛዥ እሱ ነው። ከ1990ዎቹም ሌላ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2010 ያወጣው ትልቅ ሪፖርት የሩዋንዳ ጦርና አጋሮቹ በ1996 እና 97 ጫካ ለጫካ እያሳደዱ የገደሏቸውን የሁቱ ስደተኞች ይዘረዝራል። ሕፃናትና ሽማግሌዎች አሉበት።

ያንተን ዓረፍተ ነገር ነው የምመልስልህ። «ሰው ከማን በመወለዱ ምክንያት አለመገደል።» ምሥራቅ ኮንጎ፣ ኪቩ ውስጥ ያለች እናት ይህ አይመለከታትም? መብቱ ሩዋንዳ ድንበር ላይ ያልቃል?

የሳር ቤት ልጅ፦

ሁለት ቀን ያልመለስኩት ስለማስብ ነው።

ማህሌት፣ ስለ ኮንጎ አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር፣ ከመለጠፌ በፊት አጠፋሁት። ክርክሬን ያዳክምብኛል ብዬ ነው። ይሄ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ።

የእነሱን ምክንያት አውቃለሁ። ጨፍጫፊዎቹ በ1994 ድንበር ተሻግረው ስደተኛ ካምፕ ውስጥ እንደገና ተደራጅተዋል፣ ከዚያ እየወጡ ገድለዋል፣ ኤፍዲኤልአር የሚባለው ታጣቂ ቡድን የእነሱ ቅሪት ነው። ያን ስጋት ፈጠራ ነው የሚል ሰው ታሪኩን አላነበበም። ግን ይህ ድንበር መጠበቅን ነው የሚያስረዳው። ጎማንና ቡካቩን መያዝን አያስረዳም፣ ሚሊሻ ያልሆነን ስደተኛ ጫካ ውስጥ መግደልን ደግሞ ምንም ነገር አያስረዳውም። አሜሪካ በፌብሩዋሪ 2025 የሩዋንዳ ሚኒስትር ደኤታ በነበረው ጄምስ ካባሬቤ ላይ ማዕቀብ ስትጥል ልክ ነው ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

ታዲያ ድጋፍህ ምን ቀረው ትሉኛላችሁ። ይሄ ቀርቶኛል። ካጋሜን ለመቅጣት ተብሎ ለጤና የሚሰጠው እርዳታ ይቆረጥ ሲባል እቃወማለሁ፤ መድኅኑ የገበሬዋ ነው። «ሩዋንዳ ውስጥ የተሠራው ሁሉ ማታለያ ነው» ሲባል እቃወማለሁ። ጭፍጨፋው የሁለት ወገን መጋደል ነበር ሲባል አጥብቄ እቃወማለሁ፣ ይህ ውሸት ነው፣ አደገኛም ነው። ጠበቃው ስለ ሞት ቅጣቱ ያልከውንም እቀበላለሁ። «ተወው» የሚለው ቃል ከእውነቱ የበለጠ ቆንጆ ነበር። ኢንጋቢሬ ላይም መልስ የለኝም፤ መፈታት አለባት።

ጠበቃው፦

ግልጽነትህን አከብራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የ2015ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እስከ 2034 እንዲቆይ መንገድ ከፍቶለታል። ያኔ 77 ሊሞላው ነው። ከዚያስ? ሀቢያሪማናም በ1988 ምርጫ ከ99 በመቶ በላይ አግኝቶ ነበር። ያኔም ለጋሾች ጸጥ ያለች፣ ታታሪ አገር ይሏት ነበር። ስድስት ዓመት አልቆየችም።

የሳር ቤት ልጅ፦

ይሄን ቁጥር አላውቀውም ነበር። ትናንት ማታ ካነበብኩት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መልሴ አጭር ነው። 2034ን መጠበቅ የለበትም። በሕይወት እያለ፣ አቅሙም እያለ፣ ምርጫ ተሸንፎ ወይም ሳይወዳደር ቀርቶ ሥልጣን ሲያስረክብ ሩዋንዳውያን ማየት አለባቸው። እስካሁን የሠራው ያለ እሱ ይቆማል ብሎ የሚያምን ከሆነ ይሄ ሊያስፈራው አይገባም። በሚቀጥለው ምርጫ እንደገና ከተወዳደረ እዚህ ተመልሼ ድጋፌን አነሳለሁ፣ ይህን ጽሑፍም አላጠፋውም፣ ታስታውሱኛላችሁ።

ኪጋሊ የኖርኩ፦

«ከእሱ በኋላስ ማን?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ኪጋሊ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሬዲዮው ከፍ ብሎ። የጠየቀኝ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። መልስ የጠበቀ አይመስለኝም።

የሳር ቤት ልጅ፦

የመጀመሪያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ስለ ኮንጎ ያጠፋሁትን አንቀጽ መልሼ ጨምሬያለሁ፣ ጋቻቻንም አስገብቼዋለሁ (እዚህ ከላይ የሚነበበው ከእርማቱ በፊት የነበረው ነው)። ርዕሱን አልቀየርኩም። ስህተት ካያችሁ ንገሩኝ።

ማህሌት ከሜሪላንድ፦

አየሁት፣ አመሰግናለሁ። አንድ ቃል ብቻ። ስለ ኮንጎ በጨመርከው አንቀጽ «በመቶ ሺዎች ተሰደዋል» ብለሃል። «ተፈናቅለዋል» አድርገው፤ አብዛኞቹ እዚያው ኮንጎ ውስጥ ናቸው።

የሳር ቤት ልጅ፦

ልክ ነሽ። አስተካክያለሁ።